ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ

ጫምሳ ኢተፋ የተወለደው ወንጂ ነው። ያደገውም፣ ያገባውም፣ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውም እዚያው ነው። ስለ እሱ የምጽፈው ስመ ጥር ሰው ስለሆነ አይደለም። በሥራ ቀን አገዳ የሚጎትት ትራክተር ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእግር ኳስ መስመር ዳኛ ሆኖ ባንዲራ ይይዛል፤ ሕይወቱ ይኸው ነበር። ነበር የምለው ሁለቱም ስለቀሩ ነው። አንዱን እንዳስቀረሁበት አውቅ ነበር። ሁለተኛውን የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አባቱ አቶ ኢተፋ አገዳ ቆራጭ ነበሩ። እኔና ጫምሳ አንድ ክፍል ተምረናል፣ ካልሲ ውስጥ በተጠቀጠቀ ጨርቅ አንድ ላይ ኳስ ተጫውተናል። እኔ ከፍ ስል ወደ አዳማ ወጣሁ፣ እሱ እዚያው ቀረና የዳኝነት ኮርስ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ባንዲራውን ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ይተኩሳል። ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት በአገዳው መንገድ ላይ በጎኑ ይሮጣል፤ ወደ ፊት ሳይሆን በጎኑ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። "ምን እያደረግክ ነው?" ሲሉት "መስመር ዳኛ ፊቱን ከሜዳው ላይ አያነሳም" ይላል። አንድ ጊዜ በመንደር ውድድር የገዛ ወንድሙን ጎል ሽሮበት፣ ወንድምየው ከፋሲካ እስከ መስቀል አላናገረውም።

እኔ ደግሞ ታጠቅ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ የባጃጅ ወንበርና ጣሪያ እሰፋለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በስፌቴ ሳይሆን በአስጨፋሪነቴ ነው። የአዋሽ ማዶ ክለብ ደጋፊዎችን አሥራ ሁለት ዓመት አስጨፍሬያለሁ። አስጨፋሪ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገረው። ሜዳውንና ተመልካቹን የሚለየው ገመድ ጥግ ይቆማል፤ ፊቱን ለሕዝቡ፣ ጀርባውን ለሜዳው ይሰጣል። ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ኳሱ የት እንዳለ የሚያውቀው በሕዝቡ ፊት ነው። ዓይናቸው ወደ ቀኝ ከሄደ እያጠቃን ነው፤ እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ከወጣ ስተናል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት የአዋሽ ማዶ ጎል ከአምስት አይበልጥም። ይህን ሚስቴ እንኳ አታውቅም ነበር። ማን ጠይቆኝ?

የዳኛ ነገር ሲነሳ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ላይኛው ሊግ የሚያድገው ቡድን የሚለይበት ማጠቃለያ ውድድር አለ። ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ ትከርምና ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት ያልቃል። አዋሽ ማዶ ሦስት ዓመት በተከታታይ ማጠቃለያ ገብቶ ሦስቴም በዳኛ ተበልቷል። የመጀመሪያው ዓመት ኳሱ የተከላካያችንን ደረት መትቶ፣ "እጅ ነው" ተብሎ ሪጎሬ ተሰጠብን። በዓመቱ ደግሞ ሰዓቱ አልቆ፣ ዳኛው እነሱ እስኪያገቡ ድረስ ፊሽካውን ኪሱ የረሳው ይመስል አጫወተን። ሦስተኛውን ባላነሳው ይሻላል፤ የዚያን ቀን በረኛችን መልበሻ ክፍል ገብቶ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እኛ ታዲያ ሜዳ የምንገባው "ዛሬ ደግሞ በምን ይበሉን ይሆን?" እያልን ነበር። ይህ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። እንዲያው ያን ቀን ሆዳችን ውስጥ ምን እንደነበረ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

በአራተኛው ዓመት ማጠቃለያው አዳማ ሆነ። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ እኛ ማሸነፍ ነበረብን፣ ለእንግዳው ቡድን አቻ ይበቃዋል። ሊጀመር ሲል ከሌላ ከተማ የተመደበው መስመር ዳኛ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶበት እንዳልደረሰ ተሰማ። በተጠባባቂነት የተቀመጠው ጫምሳ ነበር። እንግዶቹ መጀመሪያ "የአገሩ ልጅ ነው" ብለው አንገራገሩ፤ በኋላ አሠልጣኛቸው ስለ ወንድሙ ጎል ሰምቶ ኖሮ ተስማማ። ጫምሳ ባንዲራውን ይዞ ብቅ ሲል እኛ በእልልታ አቀለጥነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ያለን ትክክለኛ ሰው ስለተመደበ አልነበረም። የራሳችን ልጅ ስለሆነ ያደላልናል ብለን ነው። የሌላውን ዳኛ አድልዎ ሦስት ዓመት ሙሉ ስንረግም የከረምን ሰዎች፣ የራሳችንን አድልዎ በጭብጨባ ተቀበልን።

ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው እኔ ገመዱ ጥግ፣ ወደ ጎሉ ጠጋ ብዬ ቆሜ ነበር። ዘፈን እያወጣሁ ነው። በድንገት የሕዝቡ ዓይን ወደ ቀኝ ሮጠ፣ አፉ ተከፈተ፣ እጁ ወደ ሰማይ ወጣ። ጎል! ኮፍያዬን ወርውሬ ዘለልኩ። ወዲያው ግን ያ ሁሉ ፊት ባንድ ጊዜ ጠቆረ። ዞር ብዬ ሳይ ጫምሳ ባንዲራውን ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ምሰሶ ቆሟል። አጥቂያችን ኢፋ ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ጎሉን ሽሮታል።

"ሌባ!" ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሕዝቡ ተቀበለኝ። ከዚያ መልሼ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ ዜማ አበጀሁለት፤ "ጫምሳ ሸጠን፣ የቤት ልጅ ሸጠን!" እያልኩ አወጣሁ፣ ያ ሁሉ ሰው እየደጋገመ ተቀበለ። ሚስቱ ሀዊ ከሕዝቡ መሃል ነበረች። ነጠላዋን ሰብስባ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ለማለፍ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለች በሚዘፍኑት ሰዎች መካከል ወጣች። ያን ቀን በዓይኔ በትክክል ያየሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ዜማውን ግን አላቋረጥኩም።

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ እንግዶቹ አደጉ። ክለባችን አቤቱታ አስገባ። ውጤቱ እንደማይቀየር ሁሉም ያውቃል፤ ጫምሳ ግን የዳኝነት ፈቃዱን ይዞ ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን አንድ ኮሚቴ እንዲያይ ተባለ። የደጋፊዎቹ መሪ ጋሽ አምባዬ ሱቄ ድረስ መጡ።

"ታጠቅ፣ እኛ የተቀመጥንበት ቦታ በሰያፍ ነው" አሉኝ። "ከመስመሩ ትይዩ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ሐሙስ ቀርበህ ያየኸውን ተናገር።"

"እሺ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

አየህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዋሽ ያለኝም የለም። ስንት ሺህ ሰው ጎል ነው እያለ እኔ "አላየሁም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር" ለማለት አፈርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ኳስ ሳያይ ኳስ ሲያስጨፍር የኖረ ሰው ነኝ ብዬ ልናገር? ደግሞም ጎል መሆኑን አምኜ ነበር። የሕዝቡን ፊት አምኜ።

ሐሙስ ቀረብኩ። ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው። ጫምሳ ከጥግ፣ የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ሰብሳቢው "የት ነበርክ?" አሉኝ።

"ገመዱ ጋ። ከመጨረሻው ተከላካይ ትይዩ።"

"ኳሱ ሲሻገር አጥቂው የት ነበር?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ተከላካዩን አላለፈም፤ አንድ እርምጃ ኋላ ነበር። በደንብ አይቻለሁ" አልኩ። አንዷን እርምጃ ከየት እንዳመጣኋት እግዜር ይወቅ። ውሸት መጠን ካልተሰጠው እውነት የማይመስል ሆኖ ተሰምቶኝ ይሆናል።

ጫምሳ ቀና ብሎ አየኝ። "ታጠቅ፣ አይተሃል?" አለኝ።

"አይቻለሁ።"

ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። "ይህን ሰው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ" አለ። "እኛ ጎል አልሆነም ብለን ስንማማል፣ በራሱ ቡድን ላይ 'መስመሩን አልፏል' ብሎ የፈረደ ልጅ ነው። እኔ ኢፋ አልፎ የታየኝ መስሎኝ ነበር። እሱ አየሁ ካለ ግን ተሳስቼ ይሆናል።"

የዚያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። በሩ አልተዘጋ፣ ውሳኔው አልተጻፈ፤ አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። ምላሴ ተሳሰረ አልልም፤ አልተሳሰረም። ጋሽ አምባዬ ከውጭ እየጠበቁኝ ነበርና እሳቸውን ነው ያሰብኩት። ጫምሳ ለአንድ ዓመት ታገደ። እኔን ደጋፊዎቹ በሆታ ተቀበሉኝ፣ ክትፎም ተጋበዝኩ፤ በላሁ ደግሞ።

ዓመቱ አለቀ፣ እገዳው ተነሳ፤ ጫምሳ ግን አልተመለሰም። ወንጂ የሚሠሩ ባጃጅ ነጂዎች ወንበር ሊያሰፉ ሲመጡ ወሬውን በቁንጽል ያመጡልኛል። "ያ ዳኛ ባንዲራውን እርግፍ አድርጎ ተወ" ይሉኛል። እኔ "ይበለው" እላለሁ፣ መርፌዬን እያየሁ። ሁለት ዓመት ወንጂ ሳልረግጥ ከረምኩ። እህቴ ስትዳር እንኳ "ሥራ በዝቶብኛል" ብዬ ቀረሁ፤ ሠርጉ ጫምሳ ካለበት መንደር ነበርና።

ባለፈው ወር ልጄ ሊዲ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። አንድ ደጋፊ የድሮ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቆ አግኝታ ነው።

"አባዬ፣ ና ራስህን እይ!" አለችኝ።

ያ ቀን ነው። ከሕዝቡ መሃል የተቀረጸ ስለሆነ ስክሪኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። እጄን ዘርግቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ እያወጣሁ ነው። ከጀርባዬ ተጫዋቾች እንደ ጉንዳን ይራወጣሉ። የሚቀርጸው ሰው "ጎል!" ብሎ ሲጮህ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እኔ ፊቴ ወደ ሕዝቡ ነው፤ ዓይኔንም ጨፍኛለሁ።

ሊዲ ሳቋን ቀነሰች። "አንተ ግን ጨዋታውን መቼ ነው የምታየው?" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ታዲያ ለኮሚቴው አየሁ ያልከው ምንድን ነው?"

"አርፈሽ ትምህርትሽን አታጠኚም?" ብዬ ጮህኩባት። እሷም ስልኳን አጥፍታ ወጣች። ልጄ ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ጋሽ አምባዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው "ያለፈ ነገር ነው፣ ልጄ። ሰውየውም ረስቶታል፣ አትቀስቅስበት" አሉኝ። ለእኔ ብለው ነው፤ ግን የባሰ አቃጠለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወንጂ ወረድኩ። የጫምሳ ቤት ከመንደሩ ዳር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ የአገዳው ማሳ ይጀምራል። በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችው ሀዊ ናት። አየችኝና መንገዱን አልለቀቀችልኝም።

"አንተ ደግሞ ምን ቀረህ?" አለችኝ።

"ሀዊ፣ ተዪው" አለ ጫምሳ ከውስጥ። "ታጠቅ ነው? አካም ጅርታ? ኮቱ፣ ታኢ" ብሎ ዱካ አቀረበልኝ። ጓሮ በር ላይ፣ ማሳው በሚታይበት በኩል ተቀመጥን። ከሳ ብሏል፣ ሸበት ብሏል። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። የመጣሁበትን ነገር ማንሳት ቢያቅተኝ "ትራክተሩስ? ሥራ እንዴት ነው?" አልኩት።

ሀዊ ከበሩ ላይ ሆና "የምን ትራክተር?" አለች። "ጥበቃ ነው እኮ። የማዳበሪያ መጋዘን በር ላይ ይቀመጣል። አልሰማህም?"

"እኔ ነኝ ቀይሩኝ ያልኩት" አለ ጫምሳ፣ ቶሎ ብሎ፣ ማንንም ላለማስወቀስ። "ከዚያ ነገር በኋላ እኮ ዓይኔን መጠራጠር ጀመርኩ። ሕዝብ ቢጮህ ግድ የለኝም፣ የለመድኩት ነው። ግን አንተ መስመሩ ላይ ነበርክ፤ አንተ አንድ እርምጃ ኋላ ያየኸውን ሰው እኔ ነኝ አልፎ ያየሁት። እዚያ ላይ እንደዚያ ከሳትኩ መንገድ ላይስ? አዳማ ወጥቼ ታየሁ። ሐኪሙ ዓይንህ ደህና ነው አለኝ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ እሱም ደህና ነው አለ። እንዴት ደህና ይሆናል? ትራክተሩ ላይ ስወጣ፣ ሰው ሲያቋርጥ ባይ 'አለ ወይስ የለም?' እያልኩ መቆም አመጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁት መንገድ ነው። አንድ ቀን ፍሬን ይዤ ቀረሁ፤ ከኋላዬ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ መንገዱ ባዶ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ሰው ከመግደሌ በፊት ብዬ ቁልፉን አስረከብኩ።"

ባንዲራውን ብቻ የነጠቅኩት መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ሰው ዓይኑን እንዲህ አውልቆ በሌላ ሰው ቃል እንደሚለውጥ አላውቅም ነበር።

"ጫምሳ" አልኩ። "እኔ አላየሁም።"

"ምኑን?"

"ኢፋን። ኳሱን። ምንም አላየሁም። አስጨፋሪ አይደለሁ? ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ዓይኔም ተጨፍኖ ነበር። ዞር ያልኩት አንተ ባንዲራውን ካነሳህ በኋላ ነው።"

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን ከፈትኩለት። ተቀብሎ አላየውም። "አንድ እርምጃ ኋላ ብለሃል እኮ" አለኝ፤ አሁንም በጨዋ ቃል፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን የሚያስታውሰኝ ይመስል።

"ፈጥሬ ነው።"

"ስጠይቅህ አይቻለሁ አልከኝ።"

"ዋሽቼህ ነው። ይቅርታ የምለውም አፍሬ ነው። ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ፣ በጽሑፍም እሰጣለሁ። ደጋፊዎቹ ፊትም እናገራለሁ።"

ሀዊ አለቀሰች። በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ፣ "ዋቃ! ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ!" እያለች ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ጫምሳ ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ በወደድኩ።

"ታዲያ ኢፋ አልፎ ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"እኔ እንዴት አውቃለሁ? ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ዓይንህ ምንም አልሆነም፣ ጫምሳ። ያኔም ደህና ነበር፣ ዛሬም ደህና ነው። አንተ ያየኸው ነው ልክ።"

ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። የገባው፣ የቀለለው መሰለኝ፤ እኔም ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ። በዚህ መሃል ከማሳው ማዶ፣ ሩቅ ባለው መንገድ ላይ አገዳ የጫነ ትራክተር አቧራውን እያስነሳ ብቅ አለ። ጫምሳ ተነስቶ ቆመ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ረጅም ጊዜ አየው።

"ሁለት ተሳቢ ነው የሚጎትተው" አለ። "የኋለኛው ጭነት ወደ ግራ አዘንብሏል።"

"አየህ?" አልኩት ደስ ብሎኝ።

እጁን ከግንባሩ አውርዶ ወደ እኔ ዞረ።

"አይደለም እንዴ፣ ታጠቅ? ሁለት ነው አይደል? እስቲ አንተ እየው።"

አየሁ። ሁለት ነበሩ፤ የኋለኛውም ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር። ጫምሳ ግን ከዚያ ወዲያ ትራክተሩን አላየውም። ከአፌ ምን እንደሚወጣ እየጠበቀ የሚያየው እኔን ነበር።